ጣሊያናዊ ስም የያዘው የኢትዮጵያ አምበል

«ኳስ እንጀራ ይሆናል ወይ?»

ይህን ያልጠየቀ ወላጅ በመካነ ሰላም ብቻ ሳይሆን በመላው ቦረና፣ በሳይንትም በለጋምቦም የሚገኝ አይመስለኝም። ልጁ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ ደብተሩን ወርውሮ ይሮጣል። ኳሱ አሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ታጭቆበት በሲባጎ የተጠፈረ ነው። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው። ጥጆቹ የሰው ማሳ ሲገቡ የሚያያቸው የለም። ማታ ጫማው ተቀዶ፣ ጉልበቱ ተልጦ ሲመጣ እናት ትቆጣለች፣ አባት ይዝታል፣ አያት ደግሞ «ተዉት እንጂ፣ ልጅ አይደል!» እያሉ ከመሃል ይገባሉ።

እኔም ኳስ የሚወድ ልጅ አሳድጋለሁና ጥያቄው የራሴም ነው። መልስ ለመፈለግ ግን ዛሬ በቴሌቪዥን የምናያቸውን ባለ ብዙ ሚሊዮን ተጫዋቾች ትቼ ወደ ኋላ መሄድን መረጥሁ። ምክንያቱም የዛሬው ኳስ ገንዘቡ ስለሚያንጸባርቅ ሰውየውን ይሸፍነዋል። ኳስ ገና ገንዘብ ሳይሆን የተጫወቱትን ሰዎች ስናይ ግን ልጅን ሰው የሚያደርገው ምን እንደሆነ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ዛሬ የማነሣላችሁ ሁለት ሰዎችን ነው። አንደኛው በጣሊያን ኳስ መጀመሪያ ዘመን የነበረ ተከላካይ ነው። ሁለተኛው ጣሊያናዊ ስም ይዞ የኢትዮጵያን ዋንጫ ከፍ ያደረገ የእኛው ሰው ነው።

የ16 ዓመቱ ተከላካይ

ሬንዞ ዴ ቬኪ የተወለደው ሚላን ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። በእኛ አቆጣጠር 1886 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ከአድዋ ጦርነት ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ። በ15 ዓመቱ ለሚላን ክለብ ዋና ቡድን ተሰለፈ። ግንቦት 18 ቀን 1902 ዓ.ም. ደግሞ ቡዳፔስት ላይ ለጣሊያን ብሔራዊ ቡድን ሲጫወት ዕድሜው 16 ዓመት ከ3 ወር ከ23 ቀን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም፣ በዚያ ዕድሜ የጣሊያንን መለያ የለበሰ ልጅ እምብዛም አልተገኘም።

የሚላን ሰዎች የልጁን ችሎታ አይተው «የእግዚአብሔር ልጅ» የሚል ቅጽል አወጡለት። ለእኛ ጆሮ የሚከብድ ስም ነው። እኛ አገር እንኳን ለኳስ ተጫዋች ለንጉሥም አይሰጥም። ለእነሱ ግን «ከሰማይ የተላከ» ለማለት ያህል ነበር።

ደስ የሚለኝ የመጀመሪያው ጨዋታው ውጤት ነው። ብሔራዊ ቡድኑ ገና ሁለተኛ ጨዋታውን ማድረጉ ነበር፤ በሃንጋሪ 6 ለ 1 ተሸነፈ። እስቲ አስቡት፤ የ16 ዓመት ልጅ፣ ያውም ተከላካይ፣ በመጀመሪያ ቀኑ ስድስት ጎል ተቆጥሮበት ወደ ቤቱ ተመለሰ። «አልሆነልህም፣ ተወው» የሚለው ሰው ቢበዛበት ኖሮ ታሪኩ እዚያው ላይ ያበቃ ነበር። አላበቃም። ለአገሩ 43 ጊዜ ተሰለፈ፤ አምበልም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1912፣ በ1920 እና በ1924 በተደረጉት ሦስት ኦሎምፒኮች ላይ ተሳተፈ።

በነገራችን ላይ ያ ዘመን ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። ዴ ቬኪ በተወለደ በዓመቱ የተወለደው የራስ ሚካኤል ልጅ ኢያሱ በ1901 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ አልጋ ወራሽ ተብሎ ሲታወጅ ዕድሜው 14 ግድም ነበር። አንዱ ልጅ መለያ፣ ሌላው አገር ተሸከሙ። የልጅ ትከሻ ላይ የሚጫነው ሸክም ልክ አለው። ሸክሙን መቻል አለመቻሉ ደግሞ በልጁ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ባሉት ትልልቅ ሰዎችም ይወሰናል።

ተከላካይነት ምንድን ነው?

በዚያ ዘመን ቡድን የሚሰለፈው ከግብ ጠባቂው ፊት ሁለት ተከላካይ፣ ከነሱ ፊት ሦስት አማካይ፣ ከፊት ደግሞ አምስት አጥቂ ሆኖ ነው። አምስቱ ለማግባት ይሮጣሉ፤ እንዳይገባ የሚጠብቁት ሁለት ብቻ ናቸው። ዴ ቬኪ በግራ በኩል ያለው ነበር።

ሁለቱ ያን ሁሉ አጥቂ የሚችሉት በጉልበት ብቻ አልነበረም። የጨዋታ ውጪ ሕጉም ይረዳቸው ነበር። ኳስ በሚላክለት ጊዜ በአጥቂው እና በጎሉ መካከል ቢያንስ ሦስት ተቃራኒ ተጫዋቾች መኖር ነበረባቸው። ስለዚህ ከሁለቱ ተከላካዮች አንዱ በትክክለኛው ቅጽበት አንድ እርምጃ ወደ ፊት ከወጣ አጥቂው ጨዋታ ውጪ ይሆናል። ሕጉ ተሻሽሎ ሦስቱ ወደ ሁለት የወረዱት እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። እንግዲህ የዚያን ዘመን ተከላካይ ታላቅ የሚያደርገው ሩጫው ሳይሆን አስቀድሞ ማየቱ ነበር።

ይህን ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስቸግርም። በደጋው ገብስ ሲያሽት ልጅ ማሳ ጠባቂ ሆኖ ይወጣል። ጭላዳው ከገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ልጁ የሚዘናጋበትን ሰዓት ይጠብቃል። ጎበዝ ጠባቂ ጭላዳው ማሳ ከገባ በኋላ የሚሮጠው አይደለም። ገና ከአፋፉ ሲነሣ ድንጋዩን በወንጭፉ አስገብቶ የቆመው ነው። አዝመራው ሲገባ ግን «ጠባቂው ይመስገን» የሚል ሰው ጥቂት ነው፤ ምስጋናው ለአራሹ ነው። ተከላካይም እንደዚያው ነው። ያስጣለውን ኳስ የሚያስታውስለት የለም፤ ያመለጠውን ግን ሁሉም ያስታውሳል።

ልጃችሁ «እኔ የምጫወተው ከኋላ ነው» ካላችሁ አትዘኑበት። ምስጋና ሳይጠብቅ ሥራውን መሥራት እየተማረ ነው።

ባንክ ቤት የሚሠራው ባለ ዋንጫ

አሁን ወደ እንጀራው ጥያቄ ልመለስ። በዴ ቬኪ ጊዜ በጣሊያን ለተጫዋች ደመወዝ መክፈል ክልክል ነበር። ኳስ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ እንጂ ሥራ አይባልም። እ.ኤ.አ. በ1913 ጄኖዋ የተባለው ክለብ ሊወስደው ሲፈልግ ለክለቡ የተከፈለው ገንዘብ ብዙ ሰው አስገርሟል፤ ለራሱ ለልጁ ደግሞ ባንክ ቤት ውስጥ ሥራ ተገኘለት። ቀን የባንክ ሠራተኛ፣ እሑድ የጄኖዋ ተከላካይ ሆነ ማለት ነው።

ጄኖዋ ውስጥ እንግሊዛዊው አሠልጣኝ ዊልያም ጋርበት ተቀበሉት። ጣሊያኖች እስከ ዛሬ አሠልጣኝን «ሚስተር» ብለው የሚጠሩት ከእሳቸው ጀምሮ ነው ይባላል። ዴ ቬኪ በእሳቸው ሥር ሦስት ጊዜ የጣሊያን ሻምፒዮን ሆነ፤ አንዱ በ1915 አንደኛው የዓለም ጦርነት ውድድሩን ሲያቋርጠው የተገኘ ነው፤ ሁለቱ ደግሞ በ1923 እና በ1924 እ.ኤ.አ. ናቸው። ጫማውን ከሰቀለ በኋላ አሠልጣኝ ሆነ፤ ስለ ኳስም በጋዜጣ ጻፈ። ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1967 በ73 ዓመቱ ነው።

እንግዲህ በዘመኑ ከጣሊያን ተከላካዮች ሁሉ ስሙ የገነነው ሰው እንጀራውን የበላው በኳስና በብዕር፣ በሜዳና በቢሮ ነው። አንዱ ሌላውን አላስጣለውም።

ከሰባት ሳምንት በኋላ ጦርነት

ዴ ቬኪ ኳስ ካቆመ ጥቂት ዓመታት በኋላ አገሩ ወደ እኛ ዘመተች። የፋሺስት ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የመረብን ወንዝ ተሻገረ። የቀረውን የወሎ አያቶች ከእኔ ይልቅ ያውቁታል፤ ከማይጨው መልስ በደሴ መንገድ ያለፈውን ጦር፣ በየሸለቆው የተሸሸገውን አርበኛ ከወላጆቻቸው ሰምተዋል።

ጣሊያን ከመዝመቷ ልክ ሰባት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 9 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ አስመራ ከተማ ውስጥ አንድ ሕፃን ተወለደ። አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር፣ እናቱ ኤርትራዊት ናቸው። ስሙን ሉቺያኖ፣ የቤተሰቡንም ስም ቫሳሎ አሉት።

ልጁ የተወለደበት ጊዜ ክፉ ነበር። የፋሺስቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1937 ባወጣው ሕግ ጣሊያናዊ ወንድ ከአፍሪካዊት ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር በእስራት ያስቀጣው ጀመር። በ1940 ደግሞ ጣሊያናዊ አባት ከአፍሪካዊት የወለደውን ልጅ «ልጄ ነው» ብሎ እንዳይቀበል ከለከለ። በአስመራ፣ በአዲስ አበባ፣ ጣሊያን በሰፈረበት ሁሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት በአንድ ወረቀት አባት አልባ ሆኑ። ያሳደጓቸው እናቶች ናቸው። ጣሊያኑ «የጥቁር ልጅ» ይላቸዋል፤ የሰፈሩ ሰው ደግሞ «የጣሊያን ዲቃላ» ይላቸዋል።

ሉቺያኖም ከእነዚህ ልጆች አንዱ ነው። ያደገው ያለ አባት፣ በእናቱ እጅ፣ በድህነት ነው። ትምህርቱን ገና በልጅነቱ አቋርጦ በባቡር ድርጅቱ መካኒክ ሆነ። ኳስን በቁም ነገር የጀመረውም «ስቴላ አስማሪና» በሚባል፣ እንደሱ ያሉ ክልስ ልጆች በተሰባሰቡበት ቡድን ውስጥ ነው። ሌሎቹ የሚሸሹት ልጅ ከመሰሎቹ ጋር መለያ ለበሰ። ቀን ብረት ያጠብቃል፤ ማታ ልምምድ ይሠራል። ጨዋታው አስመራን አልፎ ሲሰማ ድሬዳዋ የጥጥ ፋብሪካው ክለብ፣ ኮተን፣ ወሰደው። በእሱ ዘመን ኮተን ደጋግሞ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የሆነ ቡድን ነው።

ስለ ሕይወቱ በጣሊያንኛ የጻፈውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2000 አሳትሟል። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «እማማ፣ ይኸው ገንዘቡ» ማለት ነው። ስለ ኳስ የጻፈ ሰው፣ ያውም ከንጉሠ ነገሥት እጅ ዋንጫ የተቀበለ፣ ለመጽሐፉ ርዕስ የመረጠው ለእናቱ የሚላትን ነው።

አንዲት አያት ያሉኝ

ይህን ታሪክ በቅርቡ ለአንዲት የመካነ ሰላም አያት አጫወትኋቸው። የልጃቸውን ልጅ ያሳድጋሉ። የልጁ እናት ሳዑዲ አረቢያ ሰው ቤት ትሠራለች። አባቱ ከሄደ ሰንብቷል፤ የት እንዳለም አይታወቅም። የደቡብ ወሎን ደጋ የሚያውቅ ሰው ይህ የአንድ ቤት ታሪክ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል።

«ልጄ ብር ትልካለች፣ አልሐምዱሊላህ» አሉኝ። «ልጇን ግን በስልክ ነው የምታሳድገው። እኔ ደግሞ ጉልበቴ ደክሟል። እሱ ኳስ ሜዳ ሲውል የት ድረስ ልሩጥበት?»

«የትኛው ቦታ ላይ ነው የሚጫወት እማማ?» አልኋቸው።

«ከኋላ ነው መሰለኝ የሚያቆሙት። ጎል አያገባም። ጠባቂ ነው።»

የሉቺያኖን አስተዳደግ ስነግራቸው ዝም ብለው አዳመጡኝ። ከዚያ «አባትዬው ጥሎት ሲሄድ ማን አሳደገው?» አሉ።

«እናቱ።»

«አብሽር በለኛ!» ብለው ሳቁ። «አባት የሌለው ልጅ ሰው አይሆንም ያለው ማን ነው እንግዲያ?»

ትንሽ ቆይተው ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ልጁን ሜዳ ላይ ሲጣሉ አባቱን እያነሱ ይሰድቡታል። እሱ አይነግረኝም፤ ከሌሎቹ ነው የሰማሁት» አሉኝ።

ለእነዚያ ልጆች ስድቡን ያስተማራቸው ሜዳው አይደለም። ቡና ላይ ትልልቆቹ ሲያወሩ የሰሙትን ነው ይዘው የወጡት።

የጥምቀት ሰሞን ዋንጫ

የአፍሪካ ዋንጫ በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ሲጀመር ኢትዮጵያ ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች። ለፍጻሜ ደርሳ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ በተደረገው ሁለተኛው ውድድርም ግብፅ እንደገና 4 ለ 0 አሸነፈችን። ሦስተኛው ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ እንዲሆን ተወሰነ። ጊዜው ጥር 1954 ዓ.ም. ነው። ተሳታፊዎቹ አራት ነበሩ፦ ኢትዮጵያ፣ ቱኒዚያ፣ ዩጋንዳ እና በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ።

ቡድኑን የሚመሩት ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። ራሳቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ የተጫወቱ፣ በኋላም ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩ ሰው ናቸው። አምበል አድርገው የመረጡት ሉቺያኖ ቫሳሎን ነው።

ሉቺያኖ በኋላ እንደተናገረው፣ አምበልነቱ አንዳንድ ባለሥልጣናትን አላስደሰተም። ጣሊያን ከአገራችን ከወጣ ገና ሃያ ዓመት ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቀርቦ ዋንጫ የሚቀበል ሰው ጣሊያናዊ ስም ይዞ፣ ክልስ ሆኖ እንዴት ይሆናል አሉ። ስሙን ይለውጥ፣ አለዚያም አምበልነቱን «ንጹሕ» ለሚባል ኢትዮጵያዊ ይልቀቅ የሚል ግፊት መጣ። ይድነቃቸው አሻፈረኝ አሉ። ሉቺያኖ አምበል እንደሆነ፣ ስሙም ስሙ እንደሆነ ወደ ሜዳ ገባ።

ይድነቃቸው በጣሊያን ወረራ ዘመን በአዲስ አበባ ያደጉ ሰው ናቸው። ጣሊያን ምን እንዳደረገ የሚነግራቸው አያስፈልግም። ግን የአባትን በደል በልጅ ላይ አልቆጠሩም። የመረጡት ጣሊያንን ሳይሆን የድሬዳዋውን መካኒክ ነው።

ጥር 6 ቀን ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ አለፈች። ፍጻሜው ጥር 13 ቀን እሑድ ነበር። አርብ ጥምቀት፣ ቅዳሜ ቃና ዘገሊላ፣ እሑድ የዋንጫ ጨዋታ። አገሩ በሙሉ በዓል ላይ ነው።

በጎሉ ጊላሚካኤል ተክለማርያም ቆመ። ከፊቱ እነ ክፍሎም አርአያ፣ አስመላሽ በርሄ እና አዋድ መሐመድ፤ ከዚያ በርሄ ጎይቶም እና ተስፋዬ ገብረመድህን፤ ወደ ፊት ደግሞ ግርማ ተክሌ፣ መንግሥቱ ወርቁ፣ ጌታቸው ወልዴ እና ሁለቱ ወንድማማቾች ሉቺያኖና ኢታሎ ቫሳሎ። ኢታሎ ታናሽየው ነው።

በ35ኛው ደቂቃ ባዳዊ አብደል ፋታህ ለግብፅ አገባ። እስከ 74ኛው ደቂቃ ድረስ ኢትዮጵያ ከኋላ ነበረች። ከዚያ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ስታዲየሙ ደስታውን ሳይጨርስ በደቂቃው ባዳዊ እንደገና አገባ። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቺያኖ 2 ለ 2 አደረገው። በተጨማሪው ሰዓት በ101ኛው ደቂቃ ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ በ117ኛው ደቂቃ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አከሉ። ኢትዮጵያ 4፣ ግብፅ 2።

ሁለቱን የመጀመሪያ ዋንጫዎች የወሰደችው ግብፅ በፍጻሜ ተረታች። ሉቺያኖ ወደ ላይ ወጥቶ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ዳግም አላነሣችም። አገራችን ያነሣችው ብቸኛ ዋንጫ ላይ ያለው እጅ አባቱ በሕግ የተከለከለበት የዚያ ልጅ እጅ ነው።

ከዋንጫው በኋላ

ሉቺያኖ ከዚያ በኋላም ለዓመታት ለብሔራዊ ቡድኑ ተጫወተ፤ በአሠልጣኝነትም ሠራ። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ግን አገሩን ጥሎ ተሰደደ። የሄደው ወደ አባቱ አገር ነው። ሮም አጠገብ ባለችው የባሕር ዳር ከተማ ኦስቲያ ኖረ። እንጀራውን ያገኘው በልጅነቱ በተማረው ሙያ፣ በመካኒክነት ነው። በትርፍ ጊዜው የሰፈር ልጆችን ኳስ ያስተምር ነበር። መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ አረፈ።

ልብ በሉ፤ ዋንጫው ስሙን አስጠራለት እንጂ በስደት አልመገበውም። የመገበው መፍቻው ነው። ዴ ቬኪም ባንክ ቤት ነበረው። «ኳስ እንጀራ ይሆናል ወይ?» ለሚለው የእኔ መልስ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ለጥቂቶች ይሆናል። ለብዙዎቹ አይሆንም። ሙያና ትምህርት ያለው ልጅ ግን ሆነም አልሆነም አይወድቅም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በእኛ አካባቢ የኳስ ማሠልጠኛ የለም ማለት ይቻላል። እነ ደሴ ከተማና ወሎ ኮምቦልቻን ለማየት ከመካነ ሰላም በአቀስታ አድርጎ ረጅሙን የተራራ መንገድ መውረድ ያስፈልጋል። ያም ሆኖ በቤት ውስጥ ልናደርገው የምንችለው አለ፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

አንደኛ፣ ሰዓት እንስጠው። «አትጫወት» የሚባል ልጅ ተሸሽጎ ይጫወታል፤ ሲሸሸግ ደግሞ ከማን ጋር እንደሚውል አናውቅም። «ጥጆቹን ከመለስህ፣ የቤት ሥራህን ከጨረስህ በኋላ እስከ ማታ ድረስ ያንተ ነው» የሚባል ልጅ ሥራውንም ይሠራል፣ በጊዜውም ይመለሳል። ለሴቶቹም እንዲሁ ነው። ውኃና እንጨት እነሱ ላይ ብቻ ከተጫነ ሰዓቱን የት ያገኙታል?

ሁለተኛ፣ ከኳሱ ጎን ሙያ ይያዝ። የክረምት እረፍት ሲመጣ ጋራዥ፣ እንጨት ሥራ ቤት ወይም ልብስ ሰፊ ዘንድ ውሎ እንዲያይ ማድረግ ይቻላል። ባለሙያው ጎረቤታችን ከሆነ ደግሞ ዋጋው አንድ ስኒ ቡና ነው።

ሦስተኛ፣ ሲሸነፍ አንሳቅበት። ስድስት ጎል የገባበት ልጅ 43 ጊዜ አገሩን ወክሏል። ማታ ሲመጣ «ስንት ገባባችሁ?» ከማለት በፊት «ጨዋታው እንዴት ነበር?» ብለን እንጠይቀው።

አራተኛውና ዋናው ግን አፋችን ነው። በየመንደራችን አባቱ የሄደ፣ እናቱ ዓረብ አገር ያለች፣ ከሌላ ወገን የተወለደ፣ ስሙ ከእኛ ስም የማይመስል ልጅ አለ። «የማን ልጅ ነህ?» ለእኛ ሰላምታ ነው፤ ለእሱ ግን ቁስል ሊሆን ይችላል። «ዲቃላ» የሚለው ቃል በልጅ ፊት ከትልቅ ሰው አፍ ከወጣ በማግስቱ ኳስ ሜዳ ላይ ይሰማል። አያቶች እዚህ ላይ ከማንም የበለጠ ሥልጣን አላችሁ። ቡና ላይ አንዱ ሲጀምር «እረ ተው፣ ልጅ ምን በደለ?» የምትል አንዲት አረጋዊት ካለች ወሬው እዚያው ይሞታል። ይድነቃቸው በቢሮ ያደረጉትን እናንተ በጀበናው ዙሪያ ማድረግ ትችላላችሁ።

ስለዚያች አያት የልጅ ልጅ ልጨምር። ከዚያ ወዲያ የሰፈሩን ጎረምሶች አግኝቼ የቡድናቸው አምበል ማን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። የለንም አሉኝ። «ሁሉንም የሚያየው ከኋላ ያለው ነው፤ ተከላካያችሁን ለምን አታደርጉትም?» አልኋቸው። ተያዩና አንዱ ትከሻውን ነቀነቀ። እስካሁን ምን እንደወሰኑ አልነገሩኝም። ልጁ ግን አሁንም ከኋላ ቆሞ ይጫወታል፤ አያቱም ልጃቸው ከሳዑዲ ስትደውል መጀመሪያ የሚነግሯት ስንት ኳስ እንዳስጣለ ሆኗል።